ተመልሶ ይምጣ ያልነው ሰው

ባለፈው ሳምንት እዚህ ዳላስ፣ ዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ፣ ከምሠራበት ካውንተር ፊት አንድ መንገደኛ ቆሞ መታወቂያውን ሲፈልግ የቀረፋ ማስቲካ ሸተተኝ። ሰውየው ኪሱን ይዳብሳል፣ ያላምጣል፣ ከኋላው ያለው ሰልፍ ያጉረመርማል። እኔ ግን እዚያ አልነበርኩም። ቪከሪ ሜዶ የሚባለው ሰፈር በነበረው የድሮ አፓርታማችን ሳሎን ውስጥ፣ ኮካ የተደረደረበት ትሪ ይዤ ቆሜ ነበር።

አንተ በቀደም ስለ ወንድሜ ጠይቀኸኝ ነበር። ያ ሁሉ ሰው የሚያከብረው ራፐር፣ እነ እገሌ ሳይቀሩ መምህራችን የሚሉት ሰው፣ ለምን አንድ ካሴት እንኳ ሳይሸጥ ቀረ? ኢንተርኔት ላይ የሚሉትን እኔም አንብቤዋለሁ። ግጥሙ ከበደ፣ ዳላስ የሚፈልገው የመኪና ኮፈን የሚያንቀጠቅጥ ቤዝ ነበር፣ ሬዲዮ ጣቢያዎቹ የኒው ዮርክን ብቻ ነበር የሚያጫውቱት ይላሉ። ሁሉም ልክ ሊሆን ይችላል። የኛን ሳሎን ግን አንዳቸውም አያውቁትም።

ነገሩ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ከሱዳን ስንመጣ ወንድሜ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል አያውቅም ነበር። በጥቂት ዓመት ውስጥ ቋንቋውን ከእናታቸው ጡት ጋር የጠቡትን ልጆች ምላስ የሚያስር ሆነ። ግቢያችን ውስጥ የጋራ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነበረ። ሲሚንቶው ድምፅ ስለሚመልስ ወንድሜ እዚያ ይገባል፣ ከታች ቤት የሚኖረው አሜሪካዊ ጓደኛው የማድረቂያውን ማሽን በቡጢ እየደበደበ ምት ይሰጠዋል። ክፍሉ የሳሙናና የሞቀ ጨርቅ ሽታ ነበረው። ልብስ የሚጠብቁ ሴቶች ቅርጫታቸውን ረስተው ይቆማሉ፤ ከከተማው ማዶ፣ ከኦክ ክሊፍ ድረስ በአውቶቡስ መጥተው የሚያዳምጡት ልጆችም ነበሩ። ጓደኛው የሚያውቀው የስንኙን ጫፍ ተከትሎ መድገም ብቻ ነበር።

ጨዋ ልጅ እንዳይመስልህ። ሲፎካከር ጨካኝ ነበር። የአንዱን ጥርስ፣ የሌላውን የተለጠፈ ጫማ እያነሳ ሰው ፊት ይገፍፈው ነበር፤ እኛም ሆዳችንን ይዘን እንስቅ ነበር። አንድ ልጅ እንባው መጥቶ ሲወጣ ከኋላው ያጨበጨብነውን አስታውሳለሁ። ቤት ሲገባ ግን ሌላ ሰው ነው። አባባ ባለበት ድምፁ አይሰማም። አባባ ልጁ ግጥም እንደሚችል የሚያውቀው ከሰው አፍ ነው፤ በጆሮው ሰምቶት አያውቅም።

እንግዲህ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ወጣቶች በባለ ጎማ ጫማ የሚንሸራተቱበት አዳራሽ ውስጥ ውድድር ነበረ፤ ከሂውስተን የመጣ የሙዚቃ ኩባንያ ሰውም እዚያ ተቀምጦ ነበር። ወንድሜን ሰምቶ ሊያስፈርመው ፈለገ። ወንድሜ አሥራ ስምንት ዓመት ስላልሞላው የአባት ፊርማ ያስፈልግ ነበርና፣ እሑድ ቤታችሁ እመጣለሁ አለው።

አባባ መጀመሪያ «ልጄ አዝማሪ ሊሆን ነው» ብሎ አኮረፈ። ቀስ እያለ ግን ነገሩ ገባው፤ አንድ ሰው ለልጁ ብሎ ከሂውስተን ድረስ ሊመጣ ነው። ደስታው አላስቀምጥ አለው። የሆቴል መንገደኛ በቫን ሲያመላልስ የሚውል ሰው፣ ተሳፋሪውን ሁሉ «ለልጄ እንግዳ ሊመጣ ነው» ሲል ሰነበተ። ከዚያ የሚያከብራቸውን ሽማግሌ ጠራ። እኚህ ሰው ድሮ አዲስ አበባ አባባ እናታችንን ሲጠይቅ የላካቸው ናቸው፤ እዚህ ዳላስ ግን የአውሮፕላን ማረፊያው ፓርኪንግ ውስጥ ካሸር ነበሩ። የእናታችን አባት በመጀመሪያው ቀን «አይሆንም» ብለው እንደመለሷቸው፣ ሲመለሱ ደግሞ «እናስብበት» እንዳሏቸው፣ ይሄን ታሪክ ለሰሚ ሁሉ ሲያወሩት ኖረዋል።

እሑድ ዕለት ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስን ሽማግሌው የክፍሉን አቀማመጥ አስተካከሉ። «ልጁ ጓዳ ይግባ። በራሱ ጉዳይ አፉን አይከፍትም» አሉ። ወንድሜ መኝታ ቤት ገብቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ በሩ ገርበብ ብሎ ቀረ። ሰውዬው መጣ። ነጭ ስኒከር፣ የሚያብለጨልጭ ጃኬት፣ አፉ ውስጥ የቀረፋ ማስቲካ። በመጋረጃው ስንጥቅ የሚገባው ፀሐይ ጃኬቱን ይሸነትረው ነበር። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረና ብዕሩን ከላዩ አጋደመው።

ሽማግሌው ስለ አባቱ ጠየቁት፤ ከየት አገር እንደሆነ፣ ስንት ልጅ እንዳለው ጠየቁት። ሰውዬው ሰዓቱን እያየ መለሰ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ በካሸርነት እንግሊዝኛቸው፣ ልጁ ገና ልጅ እንደሆነ፣ ቤተሰቡ ትልቅ ቤተሰብ እንደሆነ አስረዱና «ሶ፣ ቱዴይ፣ ኖ» አሉ።

«ኖ?» አለ ሰውዬው።

«ኖ» አሉ ሽማግሌው በፈገግታ፣ ጎንበስ ብለው።

አባባም ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ሰውዬው ትከሻውን ሰበቀ፣ ወረቀቱን አጠፈ፣ ኮካውን ሳይቀምስ ተነሣ። እኔ ትሪውን እንደያዝኩ የመኝታ ቤቱን በር አየሁ። ወንድሜ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ከንፈሩ ተከፍቷል። ትምህርት ቤቱን ሁሉ በቃል የሚያርድ ልጅ፣ ሽማግሌ ፊት አንዲት ቃል ማውጣት አቃተው። አባባ እንግዳውን እስከ ፓርኪንግ ሸኘው፣ በሁለት እጁ ጨበጠው፣ መኪናዋ እስክትታጠፍ ቆመ።

«ጨዋ ሰው ነው» አለ ሲመለስ። ፊቱ ያበራ ነበር። «ኩራታችንን አይቷል። አሁን ይመለሳል።»

«አባባ፣ እዚህ አገር ኖ ካልካቸው ኖ ነው እኮ! አሁን ሂድና ኮል አድርገው!» አልኩት።

«ዝም በይ አንቺ! ልጄን የፈለገ ይመላለሳል። እናትሽን በአንድ ቀን የሰጡኝ መሰለሽ?»

ማታ እናታችን ግሬፕቫይን ከተማ ከምታጸዳው ሆቴል በረኪና በረኪና እየሸተተች ስትገባ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ምን አላችሁት?» ነበር። «ተመልሶ ይምጣ አልነው» አላት አባባ። «ደግ አደረጋችሁ» አለች፣ ጫማዋን እያወለቀች። ከዚያ ሁሉ ትልቅ ሰው አንድም የተጠራጠረ አልነበረም።

ሰውዬው መኪናዋ ስትታጠፍ ግቢውን ለቅቆ አልሄደም ነበር፤ ይሄን በኋላ ነው የሰማነው። በጀርባ በኩል ዞሮ የወንድሜን ጓደኛ ልብስ ማጠቢያው በር ላይ አገኘው። እሱ አሥራ ስምንት ሞልቶት ነበር። ልጁም እዚያው የመኪናው ኮፈን ላይ ፈረመ። ወንድሜ በማግስቱ ኩባንያው ጋ ሲደውል አንዲት ሴት አንሥታ «ቤተሰብ የምንለምንበት ጊዜ የለንም» አለችው።

የዚያን ዓመት በጋ የጓደኛው ዘፈን በየመኪናው ጮኸ። ሦስት አራት ቃል ናት፣ ሌላው ቤዝ ነው። አባባ በበኩሉ በየእሑዱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሱፉን ሳያወልቅ ይቀመጥ ነበር፤ ፍሪጁ ውስጥ ለእንግዳ የሚሆን ኮካ አይጠፋም። መኪና ዝግ ባለ ቁጥር መጋረጃውን ገለጥ ያደርጋል። «ዛሬ ሳይመጣ አይቀርም» ይላል። ያ ዘፈን ከፓርኪንግ መስኮታችንን ሲያንቀጠቅጠው ደግሞ፣ «ይሄን ጩኸት ገንዘብ አውጥቶ የሚገዛ ደንቆሮ አለ?» ብሎ ይራገማል። እኔ እስቅ ነበር።

ወንድሜ አንድ እሑድ ነገረው። አባባ ሱፉን ለብሶ እንደተቀመጠ ፊቱ ቆመና፣ «አባባ፣ ሰውዬው አይመጣም። ለእሱ ቀረ ማለት ቀረ ነው። አንተ ነህ ያስቀረኸኝ» አለው። አባባ ቀና ብሎ አየው፤ ቀስ ብሎ የሱፉን ቁልፍ ፈታ። ከዚያ ወዲያ ስለ ሰውዬው ቤታችን ውስጥ ተነሥቶ አያውቅም።

ወንድሜ አሥራ ስምንት ሲሞላው ለራሱ ፈራሚ ሆኖ በየኩባንያው ዞረ። ያደንቁታል፣ ትከሻውን ይመቱታል፣ «ያንተ ዓይነት አሁን አይሸጥም» ይሉታል። አሁን አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ይጭናል። ራፕ የሚያውቁ ልጆች ሲያገኙት እጁን ይጨብጡታል፤ እሱም ከማይክራፎን በራቀ ቁጥር ይበልጥ አዋቂ እያስመሰሉት ስለሚሄዱ ደስ አይለውም።

አባባን ግን ቃል ነፈገው። ያ ሁሉ ቃል የነበረው ሰው ለአባቱ የተረፈው «ኦኬ» ብቻ ሆነ። ትበላለህ? ኦኬ። ደኅና ነህ? ኦኬ። አባባ ያረጀው ይቺን ኦኬ እየለቀመ ነው። ጭካኔ እንደሆነ አውቃለሁ፤ አንድ ቀንም ተቆጥቼዋለሁ። «አንቺ ምን አጣሽ?» አለኝ።

የአባባ ልብ የደከመ ጊዜ ሆስፒታል በየተራ እንቀመጥ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ሁለታችንም ተገናኘን። መስኮቱ በብርሃን ተሞልቶ ነበር፤ ውጭ ሣር ያጭዳሉ፣ ሽታው በማይከፈተው መስኮት እንኳ የገባ መሰለኝ። አባባ ወንድሜን ጠራው።

«አንድ ነገር ላስቸግርህ።»

«ኦኬ።»

«ያን በልጅነትህ የምትለውን ግጥም እስቲ በልልኝ። ሰው ሁሉ ሰምቶታል፣ እኔ ብቻ ነኝ ያልሰማሁት። ባይገባኝም ድምፅህን ልስማው።»

ወንድሜ መሬት መሬት አየ። «ረስቼዋለሁ» አለ።

አልረሳም። በዚያው ሳምንት ፀጉር ቤት ውስጥ፣ ልጄን ላስቆርጥ ገብቼ፣ ለማያውቃቸው ልጆች ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳይደናቀፍ ሲወጣው በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። አባባ ወደኔ ዞረ፤ ፊቴ ላይ አነበበው መሰለኝ።

«ይበለኝ» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ወንድሜ ተነሥቶ ብርድ ልብሱን እስከ አንገቱ ሳበለት፣ የተገለጠውን እግሩን ሸፈነለት።