«ተለዩ» ወይስ «አቅማሙ»

ሄፕዚባ ትዌይት በዮርክሻየር የሱፍ ፋብሪካዎች ሸለቆ ውስጥ ባለች አንዲት ጸሎት ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ቃለ ጉባኤ ጽፋለች። በሥራ ቀን ፋብሪካ ውስጥ ጨርቅ ትመረምራለች፤ በጣቶቿ ስትዳስስ የተበጠሰ ክር አያመልጣትም። ሰውንም እንደ ጨርቅ ትዳስሳለች እያሉ ያሟታል።

በጥቅምቱ ስብሰባ አዲስ አዳራሽ ለመሥራት አሮጌው መቃብር ይነሣ የሚል ሐሳብ ቀረበ። በደንቡ መሠረት ጸሎት ቤቷን ከሚያስተዳድሩት ሰባት ባለአደራዎች አንዱ እንኳ በሐሳብ ከተለየ መቃብሩ አይነካም። ስድስቱ እሺ አሉ። ሰባተኛው፣ ሽማግሌው ድንጋይ ጠራቢ ጄቤዝ ሰግደን፣ ቆቡን እያሻሸ ተነሣ።

«እኔ እለያለሁ» አለና ተቀመጠ።

በቋንቋቸው «ዲሰንት» ነው ያለው። ቅድመ አያቶቻቸው ከመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ተለይተው ሲወጡ የተጠሩት በዚሁ ቃል ነበርና፣ ቀልሎ የሚነገር ቃል አይደለም። ሄፕዚባ እንዳለ ጻፈችው።

በኅዳር ሰብሳቢው ኤሞስ ክራውዘር ቃለ ጉባኤውን ሲያነብ ግን «አቶ ሰግደን ዲመርድ» አለ፤ አቅማሙ ማለቱ ነው።

«እኔ የጻፍኩት እንደዚያ አይደለም» አለች።

«ያው ነው እኮ እህት ሄፕዚባ። አልወደዱትም ነው የሚለው።»

«ያው አይደለም። ያቅማማ ሰው ሊመለስ ይችላል። የተለየ ሰው ቆርጧል።»

«እንግዲያው ለሚቀጥለው ይቆይ» ብሎ መዝገቡን ዘጋ።

ሰዉ ሲወጣ ገጹን ገልጣ አየች። እሷ የጻፈችበት የመዝገቡ ቅጠል በምላጭ ተቆርጦ ሌላ ተለጥፎበታል፤ የእጅ ጽሑፏን አስመስለውታል፣ ቀለሙ ግን ወደ ሰማያዊ ያደላል። መዝገቡ የሚቀመጥበት የቁም ሣጥን ቁልፍ ያለው በእሷና በኤሞስ እጅ ብቻ ነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ማንንም ማመን አቃታት። የኤሞስ ሚስት ጤንነቷን ብትጠይቃት «ምን ፈልጋ ነው?» አለች በልቧ። ሁለት ባለአደራዎች በር ላይ ቆመው ሲስቁ ብታይ በእኔ ነው ብላ ደመደመች። ከሁሉም የከነከናት ግን ጄቤዝ ነበር፤ ሲያያት መንገድ ይሻገራል። አስፈራርተውታል አለችና ቅዳሜ ከሰዓት ቤቱ ሄደች።

«ማን ነው ያስፈራራዎት?»

«ማንም።»

«ኤሞስ መጥቶ አልነበረም?»

«እኔ ነኝ የሄድኩበት።» ሻይ ቀዳላት፤ ራሱ ግን አልጠጣም። «ቃሉን አለስልስልኝ ያልኩት እኔ ነኝ። እለያለሁ ካልኩበት ቀን ወዲህ ዳቦ ቤት ስገባ ደህና አደርክ የሚለኝ የለም። አርባ ዓመት አብሬያቸው የዘመርኩ ሰዎች ናቸው። ባለቤቴ ማርታ በሕይወት ብትኖር ቤቴ ቁጭ ብዬ እችለው ነበር።»

«እንዲነሣ የሚፈልጉት እኮ የማርታም መቃብር ነው።»

«አውቃለሁ። አንቺ አታስታውሺኝ።»

 ሄፕዚባ ወር ሙሉ ሌባ ስታድን ከርማ ያገኘችው ብቸኝነት የከበደው ሽማግሌ ነው።

«ሐሳብዎን መቀየር ይችላሉ» አለችው። «ተነሥተው ቀይሬያለሁ ይበሉ፣ እጽፋለሁ። ያን ቀን ያሉትን ግን አልፍቅም።»

«ሂጂ ጨርቅሽን መርምሪ» አላት በሩን ከፍቶ።

በታኅሣሥ ስብሰባ ኤሞስ «ቃለ ጉባኤው ትክክል ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሄፕዚባ አልፈርምም አለች። ኤሞስ ወደ ሽማግሌው ዞረ።

«አቶ ጄቤዝ፣ እርስዎ ይንገሩን። ምን ነበር ያሉት?»

ሄፕዚባ ቀና አላለችም። ውሸታም ሊያደርገኝ ነው ብላ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ጄቤዝ ለመነሣት ወንበሩን መደገፍ ነበረበት።

«እለያለሁ ነው ያልኩት። ዛሬም እለያለሁ።»

ኤሞስ ጆሮው ቀላ። «ቅጠሉን የቆረጥኩት እኔ ነኝ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። 

መቃብሩ ሳይነካ ቀረ። የብርዱን ወራት ሙሉ ዳቦ ቤት ውስጥ እሷንም ሽማግሌውንም የሚያናግራቸው አልነበረም። ሄፕዚባ ጄቤዝ ያመሰግነኛል ብላ ጠብቃ ነበር፤ እሱ ግን መንገድ ላይ ሲያገኛት ለሰላምታ ቆቡን ከፍ አድርጎ ያልፋል።