የሰይድ አልጋ

በደርግ ጊዜ አዋሽ ሰባት ኪሎ ተማሪ ሳለሁ፣ ለእጅ ሥራ ትምህርት የብስክሌት አካል ራሴ ልሠራ ተነሣሁ። ጎማና ፔዳል ከአሮጌ ብስክሌት አገኘሁ፤ ቧንቧው ግን ከየት ይምጣ? የልጃቸው የሰይድ መርዶ ከግንባር የመጣላቸው ጎረቤታችን እትዬ ዘሃራ የብረት አልጋውን አውጥተው ሰጡኝ።

«ለሱ ሰደቃ ይሁንለት። ብረቱ ላይ የጫረውን ስሙን ብቻ እንዳትፍቅብኝ» አሉኝ።

ቆራርጬ አስበየድኩት። ስሙ ያለበትን ቧንቧ የብስክሌቱ የላይኛው አግዳሚ አደረግኩት።

ለመምህሩ አሳይቼ እየነዳሁ ስመለስ፣ ባቡር ጣቢያው በር ላይ አንድ ከሲታ ወታደር አስቆመኝ። ሻንጣውን መሬት ጥሎ ስሙን በጣቱ ዳበሰው።

«ይሄ የኔ አልጋ ነው» አለኝ። «እናቴ በሕይወት እያለች ለሰው አትሰጠውም። መቼ ሞተች?»