ለመልስ የሚሆን ዝምታ

ሮቤ ውስጥ ስለ ስልክ ክፉ ከተናገርክ «አርጅተሃል» ይሉሃል። ይበሉኝ። በስልክ የምንላላክበትን ነገር የሠራው ኩባንያ አዲስ ነገር ባወጣ ቁጥር ሻይ ቤቱ ሁሉ ያጨበጭብለታል፤ ነገሩ ምን እንደሚነጥቀን ግን ማንም አይጠይቅም።

ሁሉንም ጠላሁ አልልም። ልደት የሚያስታውስ አገልግሎት ሲያመጡ የስልክ ሱቁ ሰውዬ የእኔን ልደት ከፈረንጆቹ ዓመት መጀመሪያ ቀን ላይ አስቀመጠልኝ፤ መቼ እንደተወለድኩ አላውቅማ። ቀኑ ደርሶ ስልኬን ስከፍት ግማሽ ሮቤ ከእኔ ጋር ተወልዷል። ስቄ ተውኩት። የማላውቀውን ሰው «ሳያውቁት አይቀሩም» እያለ ሲያመጣብኝም ተውኩት። ያልተውኩት የድምፅ መልእክቱን ነው።

ታላቅ እህቴ የምትኖረው ብድሬ ነው። በጎባ ወጥተህ፣ የሳነቴን ከፍታ በብርድ ተሻግረህ፣ ወደ ቆላው ወርደህ ነው የምታገኛት። ባሏ የሞተው መንግሥት በተለወጠበት ሰሞን ነበር። መንገዱ ተዘግቶ ለቀብርም ለለቅሶም አልደረስኩም። ሲከፈት ብሄድ ፊቷን አዞረችብኝ። «የእኔ ሙት መንገድ እስኪከፈት ጠበቀ?» አለችኝ። ተመለስኩ። ከዚያ ዓመታት ተኮራርፈን ኖርን።

በመጨረሻ ሽማግሌ ገባ። ካሳ አልፈረዱብንም፤ የፈረዱብን ሰላምታ ነው። «ካሁን በኋላ ሰላምታ አትቆራረጡ» አሉን። በቃ።

ይህን ከእኛ አገር ውጭ ያለ ሰው ላያውቀው ይችላል። በእኛ ዘንድ ሰላምታ እጅ አውለብልቦ ማለፍ አይደለም። «ነጋ?» ይልሃል፤ በኦሮምኛ ሰላም ነው ወይ ማለቱ ነው። ይጠብቅሃል። «ነጋ፣ አልሐምዱሊላህ» ትላለህ። ልጆቹ ነጋ? ይጠብቃል። ከብቱ? ጎረቤቱ? ዝናቡስ እንዴት ያዛችሁ? አንዷን ጥያቄ ከዘለልክ በዚያ በኩል ሞት አለ ማለት ነው። መልስ ሳትጠብቅ ከደራረብከው ደግሞ በሆድህ ቂም አለ። ሽማግሌዎቹ የሚያደርጉትን ያውቁ ነበር።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው። እስከ ዛሬም ጽሑፍን እንደ ድንጋያማ ማሳ ነው የማርሰው። እህቴ ጭራሹን አልተማረችም። ስለዚህ ኩባንያው በድምፅ መላላክ የሚባለውን ሲያመጣ እኔም አጨብጭቤያለሁ፤ አይካድም። ብድሬ ያለችው ምራቷ ስልኳን ትሰጣታለች፣ እሷ ትናገራለች፣ እኔ ሮቤ እሰማለሁ።

የመጀመሪያውን መልእክቷን ስከፍት ስልኩ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። «ወንድሜ፣ ነጋ?» አለችና ጭጭ። ዶሮ ስታስካካ ይሰማል፣ አንድ ሰው ከሩቅ ከብት ይነዳል። ቆይታ «ልጆቹስ ነጋ?» እንደገና ጭጭ። ለካስ እየጠበቀችኝ ነው! ምራቷ ከኋላ «እማማ፣ አሁን አይሰማዎትም እኮ፣ በኋላ ነው የሚሰማው» ስትል ይሰማል።

«ይስማው በኋላ፤» አለች እህቴ። «እኔ ዝም ካላልኩ የት ቦታ ላይ ይመልሳል?»

ሳቄ መጣ። ሁለተኛ ስከፍተው ግን እንደ ሞኝ መመለስ ጀመርኩ። «ነጋ» ስትል «ነጋ፣ እታለም» እላለሁ፤ ልጆቹን ስትጠይቅ ስለ ልጆቹ እነግራታለሁ፤ ከዚያ የሚቀጥለው ጥያቄ ልክ በሰዓቱ ይመጣል። እኔም ስልክላት እንደዚያው አደረግሁ፤ ጠይቄ፣ የምትመልስበትን ያህል ዝም ብዬ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው። ሚስቴ «ከግድግዳ ጋር ታረቅህ?» እያለች ትቀልድብኛለች። ዓመታት ያልተነጋገርን ሰዎች በየሳምንቱ ጁምዓ ተነጋገርን።

ከዚያ ያ ኢንተርኔት ተዘግቶ የከረመበት ጊዜ መጣ። ሲከፈት ስልኬ ራሱን በራሱ አደሰና አንድ ጽሑፍ አወጣ፤ «አዲስ! አላስፈላጊ ዝምታ ከድምፅ መልእክትዎ ላይ በራሱ ይወገዳል። ጊዜዎን ይቆጥቡ!» ፊደል በፊደል አነበብኩት። «አላስፈላጊ» የምትለውን ደገምኳት። የእኛን ዝምታ ነው ብዬ ግን አላሰብኩም። ለእህቴ የጁምዓ ሰላምታዬን እንደ ወትሮው አድርጌ ላክሁ።

መልስ የለም። ደግሜ ላክሁ። የለም። በሦስተኛው አንዲት አጭር መልእክት መጣች፤ «ነጋነጋልጆቹነጋከብቱነጋዝናቡነጋ። ይኸው። እንዳንተ ፈጠንኩልህ።»

ደነገጥኩና የላክሁትን ከፈትኩት። የእኔ ድምፅ ነው፤ የተናገርኩት ግን እንደዚያ አልነበረም። ጥያቄዎቼ እርስ በርስ ተደራርበው፣ እንደ ተናደደ ሰው፣ ለመልስ አፍ መክፈቻ ሳይሰጡ ይሮጣሉ። የሰማ ሁሉ «ይህ ሰው ቂሙን አልረሳም» ይላል። እሷም ያለችው ይህንኑ ነው።

የስልክ ሱቁ ሰውዬ ዘንድ ሄድኩ።

«አባ፣ ይሄ እኮ አዲሱ ፊቸር ነው፤» አለኝ ደስ ብሎት። «ዳታ ይቆጥብልዎታል።»

«አጥፋልኝ።»

ሲነካካ ቆየ። «ማጥፊያ የለውም። የድሮዎቹንም ሲከፍቷቸው እየቆረጠ ነው የሚያሰማዎት።»

«ማን ጠይቋቸው ነው?»

«ሰው ወዶታል እኮ! ዝምታ ምን ያደርግልዎታል አባ?»

ይህ ሰውዬ የዚሁ የጎረቤታችን የሲናና ወረዳ ልጅ ነው። አባቱ ሰላም ሊልህ ከቆመ ፀሐይ ታዘቀዝቃለች። ተውኩት።

በማግስቱ ማለዳ መኪና ይዤ ወረድኩ። ብድሬ ስደርስ እህቴ ከደጇ ተቀምጣ ነበር። አየችኝና ወደ ምራቷ ዞራ፣ «ይሄ ሰውዬ ዝም ማለት ይችላል እንዴ?» አለቻት። ምራቷ በሻሿ ጫፍ አፏን ያዘች።

ቆሜ ጀመርኩ። ነጋ? ጠበቅሁ። አልመለሰችም። ጠበቅሁ። ጎረቤት ቆሞ ያየናል፤ ፍየል መጣ፣ ፍየል ሄደ። ቆይታ ቆይታ «ነጋ» አለች። እንዲያ እያልን ሁሉንም ጨረስን፤ ልጆቹን፣ ከብቱን፣ ዝናቡን። ከዚያ በኋላ ነው የመጣሁበትን የተናገርኩት።

«ዝምታውን የቆረጠው ኩባንያው ነው እታለም፣ እኔ አይደለሁም።»

«የት ነው ያለው?»

«ባሕር ማዶ።»

«ያውቀናል?»

«አያውቀንም።»

«ታዲያ ዝምታችን ምን አደረገው?»

«ጊዜ ቆጠብኩላችሁ ነው የሚለው።»

«የቆጠበውን የት አስቀመጠው?»

ይህን እኔም አላውቅም። ሳነቴ ላይ ለሰዓታት እየተንቀጠቀጥኩ የመጣሁት ያንን የተቆጠበ ጊዜ ለመክፈል እንደሆነ ብቻ ነው የማውቀው።

«አንተ ካልክ አምኛለሁ፤» አለች በመጨረሻ። «ወላሂ አምኛለሁ። ጆሮዬ ግን ሰምቷል። ጁምዓ ሲደርስ ያው ሩጫህ ይሰማኛል። ካሁን በኋላ አትላክብኝ፤ ከቻልክ ና።» ጭኗ ላይ የነበረውን የምራቷን ስልክ አንስታ መለሰችላት።

ከቻልኩ። ጉልበቴ ክረምት በመጣ ቁጥር ሳነቴን ይበልጥ እየፈራ ነው። እሷም ወደ ደጋው መውጣት ካቆመች ቆየች። ከዚያ ወዲህ የሄድኩት ጥቂት ጊዜ ነው፤ በሄድኩ ቁጥር ልጆቹን ስትጠይቀኝ የሚነገረው ተከማችቶ ይጠብቀኛል፣ ጁምዓ ለጁምዓ የሚነገረው ትንሽ ትንሹ ግን ጠፍቷል። ላሟ ጥጃ መውለዷን ሳልሰማ ጥጃው በሬ ይሆናል።

በቅርቡ ስልኩ ራሱ ጠየቀኝ። «አዲሱን አገልግሎት እንዴት አገኙት?» ከሥሩ ኮከቦች፣ ከኮከቦቹ ሥር መጻፊያ ቦታ። ከዙሁር ሶላት እስከ ዐስር ሶላት ተቀምጬ ጻፍኩ። ስለ ሽማግሌዎቹ ጻፍኩ፣ ስለ ብድሬ ጻፍኩ፣ ያ ዝምታ ባዶ እንዳልነበረ፣ የእኔ ቦታ እንደነበረ ጻፍኩ። ላክሁት። ጣቴን ሳላነሳ መልስ መጣ፤ «ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን!» እኔ ከሰዓት በኋላዬን የፈጀሁበትን ማን፣ በየትኛው ዓይኑ አነበበው?

የድሮ መልእክቶቿ አሁንም ስልኬ ውስጥ አሉ። አንዳንድ ጁምዓ አንዱን እከፍታለሁ። ዶሮዋ የለችም፣ ከብት ነጂው የለም። «ወንድሜ ነጋ» ትላለች፤ አፌን እከፍታለሁ። ስለ ልጆቹ ልነግራት ስጀምር እሷ ዝናቡ ጋ ደርሳለች።