ምድር ሰማች ያሉበት ጓሮ

ልጅ ሳለሁ ምድር ጆሮ አላት ብለው አሳመኑኝ። ያሳመነኝ ሰው ድምፅ እስከ ዛሬ ከሰማኋቸው ድምፆች ሁሉ ይጥመኛል። የሚያናድደኝም እሱ ነው።

ሰፈራችን ከጊንጪ በስተሰሜን፣ ሜዳው አልቆ መሬቱ ወደ ሙገር ሸለቆ ቁልቁል በሚወርድበት ጠርዝ ላይ ነበር። ከላይ ጥቁር አፈር፣ ከሥሩ ኖራ የሚቃጠልበት ነጭ በሃ ድንጋይ። ከሰፈሩ በላይ አንዲት ጅረት እየፈሰሰች መጥታ ከቋጥኝ ሥር ትገባና ትጠፋለች። ከሰፈሩ በታች፣ ገደሉ ወገብ ላይ፣ የምንቀዳው ምንጭ አለ። በመካከላቸው ደግሞ ቦላ የምንለው፣ አፉ አንድ ጎጆ የሚውጥ ጉድጓድ ነበር። ልጆች አንጠጋውም። አዋቂዎችም የሚጠጉት ለመማል ብቻ ነው።

ሰው በድንበር ወይም በጠፋ ከብት ሲካሰስ፣ የተጠረጠረው ቦላው አፍ ላይ ቆሞ «ዋሽቼ እንደሆነ ምድር ትብላኝ» ይልና ድንጋይ ይጥላል። ሁሉም ትንፋሹን ይውጣል። ድንጋዩ ውኃ ሲነካ ከተሰማ መሐላው ተያዘ፤ ምድር ሰምታለች። ከዚያ በኋላ የሚጠበቀው ፍርድ ነው።

*

ያኔ ክብሪት ብርቅ ስለነበር እሳት የሚዋሱት ከጎረቤት ነው። ሲመሽ ገል ይዘን ወደ አባቴ ታላቅ ወንድም፣ ወደ ኦቦ ጉተማ ቤት እንሄዳለን። ፍሙን ቶሎ አይሰጡንም። «ተቀመጡ፣ እሳቱ ገና ወሬውን አልጨረሰም» ይላሉ፤ እኛም የባሕር ዛፉ ጭስ ዓይናችንን እያቃጠለን እንቀመጣለን፤ ኩራዙ ጋዝ እንዳይጨርስ ይጠፋና የፍሙ ብርሃን ከአፍንጫቸው በታች ያለውን ብቻ ያሳየናል፤ ስለዚህ ያኔ ተረት ማለት ለእኔ ዓይን የሌለው አፍ ነበር።

ወንዟ ድሮ ከምድር በላይ ትሄድ ነበር ይሉናል። ሁለት ወንድማማቾች የሚለያያቸው ድንበር እሷ ነበረች። ሲጣሉ ምስክር አድርገው ጠሯት። ታናሹ ማር አፈሰሰላትና መንገዷን ቀይራ በታላቁ እርሻ ላይ ፈሰሰች፤ «ድሮም በዚህ ነበር የምሄደው» አለች። ሲነጋ ፀሐይ አየቻት። አፈረች። ከድንጋይ ሥር ገባች። ከዚያ ወዲህ በጨለማ እየሄደች የሰው ቃል ታዳምጣለች፤ እንደሷ የዋሸ ስትሰማ ከእግሩ ሥር ያለውን አፈር ትበላለች።

«ኤዬ» እንላለን እኛ፣ በኦሮምኛ፤ አዎ ማለት ነው። ተረቱ የሚነገረው በኦሮምኛ ነበር። በአማርኛ ስጽፈው የጣዕሙ እኩሌታ ይቀራል። ይቅር።

*

ከዚያ በደርግ ጊዜ መንደር ምስረታ መጣ። ካድሬው ገመድ ይዞ መጣ። ቤታችንን ራሳችን አፍርሰን፣ ምሰሶውን ራሳችን ተሸክመን፣ በገመዱ ልክ ተደረደርን። ሣሩ ተረግጦ አለቀ። ክረምት ሲገባ ጎርፉ መስመሩን ይዞ በየደጃፉ ወረደ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ቦይ ይቆፈር አለ፤ ሁሉም ቆፈረ፤ አባቴም፣ ኦቦ ጉተማም። የሰፈሩን ጎርፍ ሁሉ ሰብስበው ሲያበቁ፣ የመስመሩ ጫፍ ላይ ባለው ጓሮ ለቀቁት። ጓሮው የአዴ ዲንቄ ነበር፤ ባሏ ሞቶባት ከአንዲት ቀይ ላምና ከጌሾ ተክሏ ጋር የቀረች ሴት።

«ይህን ሁሉ በእኔ ላይ ነው የምትደፉት?» አለች።

«መሬት ይጠጣዋል» አሏት።

ጠጣው።

በዚያው ክረምት የሊቀመንበሩ አማች የጌሾው እኩሌታ በእኔ ድርሻ ነው ብሎ ተነሳ። የሰፈሩ ካድሬ መሐላን በየስብሰባው ኋላቀር ልማድ እያለ ሲያወግዝ ሊቀመንበሩ ከሁሉ በፊት ያጨበጭብ ነበር፤ ያን ቀን ግን ራሱ «ትማልና ነገሩ ይብቃ» አለ። ማለች። ድንጋዩን ወርውራ፣ ዱቄት እንደነካ ሰው እጇን አራገፈች። ውኃው ተሰማ። ሴቶቹ እልል ሊሉ ፈልገው ተዉት።

ብዙም ሳይቆይ ምንጩ ደፈረሰ። እናቴ በጨርቅ እያጠለለች ታጠጣን ነበር። ኦቦ ጉተማ አንድ ማታ «ወንዟ የሆነ ነገር እያኘከች ነው» አሉ። ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን አቆመ።

አንድ ጠዋት ላሟ ከነጋጣዋ የለችም። ጋጣው የነበረበት ቦታ ክብ ጉድጓድ ሆኗል፤ ጠርዙ በቢላ የተቆረጠ ይመስል ነበር። ከሥር ለጥቂት ጊዜ የላም ድምፅ መጣ። አዴ ዲንቄ ገመድ፣ ገመድ አለች። ካድሬው ቤታችንን የደረደረበት ያ ሁሉ ገመድ ባለበት ሰፈር ማንም ገመድ አላመጣላትም። አማቹ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ «ምድር ሰማች» አለ።

ከዚያ ቀን በኋላ እሳት የሚያውሳት ጠፋ። ገሏን ይዛ ከደጃፍ ደጃፍ ስትሄድ ሁሉም ቤት እሳቱ ጠፍቷል ይላታል፤ ጭሱ ከጣሪያው እየወጣ። ጌሾው ለአማቹ ተሰጠ። የኦቦ ጉተማ ተረት ደግሞ ረዘመ፤ አንዲት ባል የሌላት ሴትና አንዲት ላም ገቡበት። ስም አልጠሩም። ላሟ ግን ቀይ ነበረች።

አዴ ዲንቄ ወደ ጊንጪ ተሰደደች። ተረት ልጅ ያሳድጋል ይላሉ። ይህኛው ሴት አፈናቀለ።

*

አምቦ ዘጠነኛ ክፍል ስገባ የጂኦግራፊ መምህራችን ከጎንደር የመጣ ቀጭን ሰው ነበር። አንድ ቀን ነጭ ድንጋይ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ጫፉን ፈጨና ሎሚ ጨመቀበት። ዱቄቱ አረፋ ደፈቀ።

«ዝናብ ከአየርና ከበሰበሰ ሥር ጋዝ ይወስዳል» አለ። «እዚህ አምቦ ምንጫችን ላይ ሲንተከተክ የምታዩት ጋዝ ነው። ውኃው ትንሽ ይኮመጥጣል፤ በሃ ድንጋይ ደግሞ ኮምጣጣ አይችልም። ስንጥቁ ይሰፋል፣ ዋሻ ይሆናል፣ ጅረቱም ከላይ መሄዱን ትቶ በዚያ ይገባል።»

ጉድጓዱም አንድ ዓይነት አይደለም አለን። አንዱ ድንጋዩ ከላይ ቀስ እያለ ሲሟሟ እንደ ገበታ የሚጎደጉድ ነው፤ ታርሶ ይዘራበታል። ሌላው የዋሻው ጣሪያ ሲደረመስ የሚከፈት ነው፤ ቦላችንን በሐሳቤ አየሁት። «ክፉው ሦስተኛው ነው» አለ። «ድንጋዩ በቦታው አለ፤ የሚሄደው ከላዩ ያለው አፈር ነው። ውኃ አፈሩን በስንጥቅ እየጠረገ ያወርደዋል። ከሥር ባዶ፣ ከላይ አረንጓዴ ሣር። ጣሪያው ሲሳሳ አንድ ቀን ይወድቃል።»

«መምህር፣ ምልክት የለውም?» አለ ከኋላ አንዱ።

«አንዳንዴ አለው። በታች ያለው ምንጭ ይደፈርሳል። ሰውም ያፋጥነዋል፤ ጎርፍ ሰብስቦ አንድ ቦታ የሚለቅ ቦይ በቂ ነው።»

ከዚያ ወዲያ ምን እንዳለ አልሰማሁም። ያን ክረምት እናቴ በጨርቅ እያጠለለች ያጠጣችን የአዴ ዲንቄን ጓሮ ነበር። መሬቷን ጠጥተን እሳት ነሳናት።

*

ለዕረፍት ስመለስ ጊንጪ ላይ ወረድኩ። አዴ ዲንቄ ከአውቶቡሱ መስኮቶች ሥር ቆሎ ትሸጣለች።

«የጉተማ ወንድም ልጅ አይደለሽ?» አለችኝ፣ ፊቷን ሳታዞር። «ቆሎ ልትገዢ ነው ወይስ እኔን ልታዪ?»

ነገርኳት። ድንጋዩን፣ አፈሩን፣ ምንጩን። ቆሎውን በስኒ እየሰፈረች ሰማችኝ።

«የድንበሩን ድንጋይ በሐሳቤ ስንት ጊዜ አንስቼ አስቀምጬዋለሁ» አለች። «ከግራሩ ወዲህ ነበር ይሆን እላለሁ። ሳላውቅ ዋሽቼ ይሆን እላለሁ። ምድር አትሳሳትም ብለውኝ።»

ከዚህ የባሰ ነገር ሰምቼ አላውቅም። ጌሾዋን ወሰዱ፣ እሳት ነሷት፤ ያ ሳይበቃ የራሷን ቃል ከሥሩ ቦረቦሩት።

«አልዋሸሽም» አልኳት።

«ውኃው ታዲያ ለምን የእኔን መረጠ?»

«አልመረጠም። እነሱ ናቸው ያመጡብሽ። ቦዩ ነው።»

ስኒው እጇ ላይ ቆመ። ከመስኮት አንዱ «እትዬ፣ ቆሎውስ?» ይላል። አልሰማችውም።

*

በዚያው ሳምንት አንድ ቀን አመሻሹ ላይ ገሏን ይዛ ኦቦ ጉተማ ቤት ገባች። ልጆቹ ተጠጋግተው ቦታ ለቀቁላት፤ አዋቂዎቹ ንቅንቅ አላሉም።

«ዲንቄ» አሉ ኦቦ ጉተማ።

«የቀይዋን ላም ተረት ልሰማ ነው የመጣሁት። ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶት እኔ ብቻ ቀረሁ።»

«አሮጌ ተረት ነው፣ ምን ያደርግልሻል።»

«ላሟ የእኔ ናት፣ ኦቦ። ይንገሩኝ። ቦዩን ብቻ እንዳይረሱት።»

ተረኩ። ምን ያድርጉ፣ ልጆቹ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። እንዲያ አድርገው ተርከው አያውቁም፤ ወንዟ ስታፍር ድምፃቸው አብሮ አፈረ፣ ማሩ ሲፈስስ አፋችን ውኃ ሞላ፤ እኔ እንኳን፣ ያ ሁሉ ንዴት እያለብኝ፣ «ኤዬ» ስል ራሴን ሰማሁት። ጎርፉ ከሚወርድበት ሲደርሱ ግን ቆሙ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እንጨት ወደ ፍሙ ገፉ። ከዚያ ዘለሉትና ከላሟ ቀጠሉ።

«ለካ ያውቃሉ» አለች አዴ ዲንቄ።

በዝግታ ነው ያለችው። አጎንብሳ በባዶ ጣቷ ትልቁን ፍም አነሳች፣ ገሏ ላይ አስቀመጠችው፣ ወጣች። ማንም አልከለከላትም። አባቴ ከጥጉ መሬት መሬቱን ያያል። ፍሙ በቦዩ ዳር እየቀላ ሄዶ ትታው ከሄደችው ቤቷ ደጃፍ ሲቆም ከበሩ አየሁት፤ ትንሽ ቆይቶ በጣሪያው ጭስ ወጣ።

ጌሾው አልተመለሰላትም። ቦዩም አልተዘጋም።

*

ኦቦ ጉተማ ሞተዋል። ስለ እሳቸው ስጽፍ ብዕሬ አንቱታውን አይተውም፤ አዴ ዲንቄ ግን ያኔም አንቺ፣ አሁንም አንቺ። ይህም ያናድደኛል።

ልጆቼ ተረት ንገሪን ሲሉኝ በአፌ የሚመጣው የእሳቸው ድምፅ ነው። ሌላ የለኝም። ስለዚህ በእሱ እተርካለሁ፤ ወንዟን፣ ማሩን፣ ቀይዋን ላም። ቦዩ ላይ ስደርስ ግን ጉሮሮዬን አልጠርግም። ማን ማን እንደቆፈረው በስም እጠራለሁ። ከአባቴ እጀምራለሁ።