የፈረንሳዮቹ ዳዊት

ዩኒቨርሲቲ ፈረንሳይኛ ስማር የገዛሁትን አሮጌ የፈረንሳይኛ መጽሐፍ ቅዱስ ይዤ ጋይንት ቤተ ልሔም ገባሁ። በልጅነቴ ዳዊት ያስደገሙኝን የኔታን ላስደንቅ ብዬ ነው። ተርጓሚዎቹ ስንት ዘመን እንደለፉበት ከመቅድሙ እያነበብኩ ነገርኳቸው። ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝና፣

«ዳዊቱስ ስንት መዝሙር ነው?» አሉኝ።

«መቶ ሃምሳ ነው፣ የኔታ።»

«የኛ መቶ ሃምሳ አንድ ነው። ይህን ያህል ደክመው አንድ መዝሙር ሲቀራቸው ከሥራው ተነሡ? በል መጽሐፉን እኔ ጋ ተወው።»

ቅር እያለኝ ትቼላቸው ሄድኩ።

ዘንድሮ የኔታ ሲያርፉ ልጃቸው መጽሐፉን መለሰችልኝ። ከመዝሙረ ዳዊቱ መጨረሻ ላይ አንዲት ቅጠል ብራና በጅማት ተሰፍታበታለች። የቀረው መዝሙር በግእዝ ተጽፎባታል፣ በዚያ በማውቀው የእጅ ጽሑፋቸው። ከግርጌው በአማርኛ፣ «ልጄ፣ ፈረንሳይኛውን አንተ ጨርስላቸው» ይላል።