መጨረሻቸው አንድ ነው

ሀብቱ ደብረ ብርሃን ሳለ የዘጠነኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተማሪ ነበር። በዲቪ አሜሪካ፣ ሳን ሆዜ ገብቶ፣ አጠገቧ ባለችው ኩፐርቲኖ የአንድ መሥሪያ ቤት ጥበቃ ከሆነም በኋላ አስተማሪነቱ አልለቀቀውም። ሚስቱ አይናዲስ ሱቅ ውስጥ አፏን በከፈተች ቁጥር እንግሊዝኛዋን በሰው ፊት ያርማታል። እሷም ዝም ማለትን ለመደች።

በፈረንጆቹ ዘጠና ሰባት ደም አልቆም አላት። ሆስፒታል ሄዱ። ዶክተሯ በስልክ አስተርጓሚ ልጥራ ስትል የሀብቱ ፊት ተለዋወጠ። “አይ አም ኤ ቲቸር” አላት። ዶክተሯ ወረቀት ላይ ሁለት ቃል ጽፋ ብዙ አስረዳች፤ እሱ “የስ፣ የስ” እያለ ራሱን ነቀነቀ።

“ምን አለች?” አለች አይናዲስ።

“ማህፀንሽ ውስጥ እጢ አለ። ኦፕሬሽን ያስፈልጋል።”

“የጻፈቻቸው ሁለቱስ?”

ሀብቱ ቃላቱን አያቸው። ማዮሜክቶሚ። ሂስተሬክቶሚ። አያውቃቸውም፤ አላውቅም ማለት ደግሞ ከሞት ይከብደዋል።

“መጨረሻቸውን አታዪም? አንድ ነው። በሁለተኛው ግን እጢው ተመልሶ አይመጣም ብላለች።”

“ልጅ መውለዱስ?”

“ሴትዮ፣ ስለ እጢ ነው የምናወራው! ፈርሚ።”

ፈረመች።

ደሙ ቆመ። የወር አበባዋም በዚያው ሲቀር “መድኃኒቱ ነው” አላት። ዓመት አለፈ። እናቱ እየደወሉ “ምነው ዝም አላችሁ?” ማለት ሲያበዙ፣ “እስቲ አንቺው መልሺላቸው” እያለ ስልኩን ያቀብላት ጀመር።

በመጨረሻ የሆስፒታል ወረቀቷን ይዛ ብቻዋን ኦክላንድ ሄደች። አንድ ክሊኒክ ውስጥ ሐኒ የምትባል የአገሯ ልጅ ነርስ ነበረች። ሐኒ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው።

“እህቴ፣ ማህፀንሽ እኮ ወጥቷል።”

“እጢው ነው የወጣው።”

ሐኒ ወንበሯን አስጠጋች። “ኤክቶሚ ቆርጦ ማውጣት ነው፤ ከግሪክ የመጣ ቃል ነው። ከፊቱ ማዮም ካለ እጢው ብቻ ይወጣል። ሂስተር ካለ ማህፀኑ በሙሉ። በአማርኛ ቁርጡ የሚታወቀው መጨረሻ፣ ግሡ ላይ ነው፤ በዚህ ግን ከፊት ነው። አላስረዱሽም?”

“ለባሌ አስረድተውታል” አለች አይናዲስ።

ቤት ስትደርስ ሀብቱ እራት ላይ ነበር። የሰማችውን ሁሉ ነገረችው። ጉርሻውን አላምጦ ዋጠ።

“ፎርሙ ላይ ያለው የማን ፊርማ ነው?”

“የኔ።”

“እንግዲያውስ!” አለና ተነስቶ እጁን ታጠበ።

ሳምንት ሳይሞላ፣ መካንነቷን ደብቃ አገባችኝ ብሎ ለወዳጆቹ አወራ። በአንድ ቤተ ክርስቲያን አብረዋቸው የሚያመልኩት ሽማግሌ አቶ መንገሻ ለሽምግልና መጡ።

“ልጄ፣ ሰውየው ዘር ይፈልጋል። አትፍረጂበት።”

አይናዲስ ወረቀቱን አውጥታ ሰጠቻቸው። ገለበጡት፤ አገላበጡት፤ መለሱላት።

“የእንግሊዝኛውን ነገር ሀብቱ ያውቃል” አሏት።

ተፋቱ። ሀብቱ ከአዲስ አበባ ሌላ ሚስት አመጣ፤ በዓመቱ ወንድ ልጅ ወለደችለት። አይናዲስ ኦክላንድ ተዛውራ አረጋውያን ማጠብና ማልበስ ያዘች። ሐኒ ደጋግማ “ጠበቃ ያዢ” ብላት ነበር፤ ለማያውቁት ሰው ያንን ሁሉ እንደገና ማስረዳት አቃታት።

አንድ እሁድ ቴሌግራፍ አቬኑ ላይ አንድ ምግብ ቤት ምሳ ልትበላ ገብታ የቀድሞ የሳን ሆዜ ጎረቤቷን አገኘች። ሴትየዋ ሕፃን ታቅፋ በአንድ እጇ ትበላለች።

“እስክትጨርሺ ልያዝልሽ” አለች አይናዲስ፣ እጆቿን ዘርግታ።

ሴትየዋ ልጁን ወደ ደረቷ ሳብ አደረገችው። “አይ፣ ተኝቷል።”

ልጁ በእናቱ ክንድ ላይ ዓይኑን አፍጥጦ አይናዲስን ያያት ነበር።