ከውሰር የለቀመችው ሰሊጥ

ሩፊዳ አንድ ተራ ቀን የሚያስወጣትን ጠዋት ጠዋት በልቧ ትደምራለች። በአህያ የሚመጣው ሁለት ጀሪካን ውሃ፣ ለልጇ ለከውሰር ዳቦና ፉል፣ ፀሐዩ ከበረታ ደግሞ ሰሊጥ እስከምትለቅምበት መጋዘን ባጃጅ። ከሁሉም የሚከብዳት ግን የከውሰር ትምህርት ቤት ነው። የወሩን ክፍያ ለቀን ስታካፍለው፣ ሰሊጥ ስትለቅም ውላ ከምታገኘው ሲሶውን ይወስድባታል። ልጂቱን እንደ ሌሎቹ እናቶች አጠገቧ አስቀምጣ ብትለቅም ምንም አትከፍልም ነበር። ሞክራዋለች። አምና የመጋዘኑ አቧራ ልጂቱን ሳል አስይዟት፣ እናትም ልጅም እንቅልፍ አጥተው ነበር የከረሙት። ስለዚህ ትከፍላለች።

ነገሩ የጀመረው ከከውሰር ቀሚስ ነው። ልታጥበው ስትገለብጠው ከጠርዙ ሰሊጥ ተራገፈ። መጀመሪያ የራሷ መሰላት፤ ሰሊጥ ለቃሚ ጫማው ውስጥ ሳይቀር ሰሊጥ ይዞ ነው ቤቱ የሚገባ። ኋላ መዳፏ ላይ አድርጋ አየችው። መጋዘኑ ሰሞኑን የሚያስለቅመው ነጩን ነው፤ ይህ ግን ቀላ ያለ፣ ማሽላም የተቀላቀለበት።

«ትምህርት ቤት ለቅሜ ነው» አለች ከውሰር፣ ኮራ ብላ። ሁልጊዜ ትለቅሚያለሽ ወይ ስትላት፣ አዎ፣ አብሯት የሚማረው ኡመይርም ይለቅማል፣ ሲጨርሱ ይጠርጋሉ፣ ውሃም ይቀዳሉ አለቻት። ፊደልስ ብላ ብትጠይቃት ልጂቱ ስለ ፊደል ብዙም የምትለው አልነበራትም።

በማግስቱ ሩፊዳ ነገሩን ለውቢት አወራቻት። ውቢት ከጎጃም የመጣች፣ ሁልጊዜ ከጎኗ ተቀምጣ የምትለቅም፣ ምላሷ ከጣቷ የሚፈጥን ሴት ናት።

«አንቺ ለመልቀም ይከፈልሻል፤ ልጅሽ ለመልቀም ትከፍላለች» አለቻት ሰፌዷን እያነቀነቀች። «በይ እንግዲህ፣ ባለሙያ ወልደሻል።»

ሴቶቹ ሳቁ። ሩፊዳም አብራ ሳቀች፤ ከሆዷ ግን አልወጣላትም። ሰሊጥ በዚህ አገር ምን እንደሚያወጣ ታውቃለች። ያን ሁሉ ትንንሽ እጅ በነፃ አግኝቶ ሳይነግድበት ዝም የሚል ሰው ይኖራል ብላም አታምን።

ዐርብ ለጁምዓ መጋዘኑ ሲዘጋ በቀጥታ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደች። ልጆቹ ደጅ እጃቸውን ይታጠባሉ። በመስኮቱ ስታይ አገኘሽ የምትባለው መምህርት ብቻዋን ተንበርክካለች። ልጆቹ የለቀሙት ሰሊጥ በአንድ ሳህን፣ ማሽላው በሌላ ሳህን ተለይቶ ተቀምጧል። አገኘሽ ሰሊጡን ወደ ማዳበሪያ ጆንያው ደፋችው። ማሽላውን ከላይ ጨመረችበት። ከዚያ እጇን ከትታ ታማስለው ጀመር።

ሩፊዳ ደሟ ፈላ። በመጋዘን እንዲህ ያደረገ ሰው በዚያው ቀን ይባረራል። ሚዛን ለማሳደግ በሰሊጥ ላይ ማሽላ የሚደባልቅ ሌባ ነው። ጫማዋን ሳታወልቅ ገባች።

«መምህር፣ ይህን ለማን ነው የሚሸጡት?»

«ማን ይገዛዋል?» አለች አገኘሽ፣ እጇን ከማዳበሪያው ሳታወጣ። «የመጋዘን ጥራጊ እኮ ነው። የኡመይር አባት ናቸው ከሚሠሩበት አምጥተው የሰጡን።»

«ታዲያ የተለቀመውን ለምን ይደባልቁታል?»

«ካልደባለቅሁት ሰኞ ምን ሊለቅሙ ነው?»

ይህ መልስ ለሩፊዳ መልስ አልሆነላትም። የተለቀመ ሰሊጥ ተመልሶ ሲበላሽ ማየት ለእሷ የበሰለ ምግብ ሲደፋ እንደማየት ነው። ልጇን ልታስወጣ እንደምትችል ሳትደብቅ ነገረቻት። አገኘሽም አልተቆጣች። ሰኞ መጥታ እንድትቀመጥና እንድታይ፣ ግን ምንም እንዳትናገር፣ ምንም እንዳትነካ ለመነቻት።

ሰኞ ከሥራ ቀርታ ሄደች። በልጆች ወንበር ላይ ጉልበቷ አገጯን ሊነካ ደርሶ ተቀመጠች። ከውሰር ትንሽ ምንጣፍ ዘረጋች፣ ሳህኗን አመጣች፣ በወረንጦ ማሽላውን ከሰሊጡ ማውጣት ጀመረች። አንዷ ፍሬ አመለጠቻት። ደግማ ያዘቻት፤ ደግማ አመለጠቻት። በዚህ ጊዜ ሩፊዳ ብትሆን ሰፌዱን ጨርሳ ነበር። እጇ ሳታዘው ተዘረጋ።

«እጅዎን ይሰብስቡ» አለቻት አገኘሽ ከኋላዋ በሹክሹክታ። «እርሳስም በዚያው ጣት ነው የሚያዝ።»

ቆይቶ የከውሰር ሳህን ተገለበጠ። ሩፊዳ ቁጣ ጠበቀች፤ የተቆጣ የለም። ከውሰር ራሷ መጥረጊያ አምጥታ ጠረገችና እንደ አዲስ ጀመረች። ሲበቃት ሳህኑን ወደ ቦታው መልሳ፣ የሻከረ ወረቀት የተለጠፈበት ጣውላ አወረደች። ወረቀቱ በ«ከ» ቅርፅ የተቆረጠ ነው። ማሽላ ሲለቅም በነበረው ጣቷ እየዳሰሰች ድምፁን አወጣችው። ወደ እናቷ ዞራ እንኳ አላየችም።

ሩፊዳ የሚቀጥለውን ወር ከፈለች። ልቧ ግን ሙሉ በሙሉ አላረፈም። ማዳበሪያው ላይ፣ ጥራጊው ከደረሰበት ልክ፣ በከሰል ምልክት አድርጋለች፤ ዐርብ ዐርብ ልጇን ልትወስድ ስትመጣ ታየዋለች። እስካሁን ዝቅ አላለም። አገኘሽም አይታ እንዳላየች ታልፋታለች።

ሩፊዳ ይህን ለምታነቡ የመተማ ሰዎችም አደራ አላት። ከትምህርት ቤቱ ግቢ ሰሊጥ በጋሪ ተጭኖ ሲወጣ ካያችሁ፣ እባካችሁ ለውቢት አትንገሩ። መጀመሪያ ለራሷ ለሩፊዳ ንገሯት።